ቶሎ የምታርረው ሔዋን

ይድረስ ለማከብርዎት እናቴ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎ እንዴት ነው? ጉልበትዎስ ደረጃ መውጣት ፈቀደልዎ? ወይስ አሁንም በረንዳው ላይ ተቀምጠው አላፊ አግዳሚውን እየመረመሩ ነው የሚውሉት? ይህን ደብዳቤ ራስዎ ቢያነቡት እወዳለሁ፤ ለልጅዎ ሰጥተው እንዳያስነብቡት አደራ። መነጽርዎ ከጠፋ መጀመሪያ ግንባርዎ ላይ ይፈልጉት። ትልቋ ልጃችን ደህና ናት፣ ፈተናዋን ጨርሳለች። ትንሹንስ እንዴት ይዞታል? አሁንም አንድ ካልሲ ብቻ አውልቆ ይተኛል?

ስለ እኔ ደግሞ «ደህና ነኝ» ብዬ ጻፍኩና ሰረዝኩት። ሥርዙን አይተው ምን እንደሆነ እንዳይጨነቁ ብዬ ነው የነገርኩዎ።

ልጅዎ ወደ እርስዎ የመጣችው ጉልበትዎን ልትጠይቅ እንደሆነ ነግራዎት ይሆናል። የባሏን ገመና ለእናቷም ቢሆን የምታወጣ ሴት አይደለችም። እርስዎ ግን ዕድሜዎን ሙሉ ሲያዋልዱ የኖሩ ሰው ነዎት፤ የሴት ፊት አይተው ሕመሙ ምን እንደሆነ ይለያሉ። አንድ ነገር እንዳለ ገብቶዎታል፣ ግን አይጠይቋትም። እሷም አትናገርም። ስለዚህ ያደረግኩትን እኔው ልንገርዎ ብዬ ነው፣ ዓይኔን በጨው ታጥቤ ብዕር ያነሳሁት። የጨው ነገር ደግሞ ወደ ኋላ ይመጣል።

በእረፍት ቀን በጸሎት ቤቱ አዳራሽ ልጆች ሳስተምር አይተውኛል። ከዳቦ ቤት የተረፈ ሊጥ በላስቲክ ጠቅልዬ እሄድና ጠረጴዛው ላይ አዳምን እሠራለሁ። ትከሻው ሰፊ፣ እግሩ ወፍራም ነው፤ አፍንጫውን ልጆቹ ይሠሩለታል። ከዚያ «እንቅልፍ ወሰደው» ስላቸው ሁሉም እጃቸውን ጉንጫቸው ሥር አድርገው ያንኮራፋሉ። ያን ጊዜ ከጎኑ ቆንጠር አደርግና ሔዋንን እሠራለሁ። የአዳምን ቀዳዳ በአውራ ጣቴ ደፍኜ፣ ሁለቱን ትሪ ላይ አስተኝቼ፣ አዳራሹ ጓሮ ባለችው ትንሽ ምድጃ እንጋግራቸዋለን። በዚህ ትምህርት ስም አትርፌበታለሁ። ከሌላ ሰፈር ድረስ ልጆቻቸውን የሚያመጡ አሉ።

ባለፈው ዓመት እኛ ዘንድ ሳሉ ከኋላ ወንበር ተቀምጠው ያዩት ይህንኑ ነው። ትሪው ሲወጣ አዳም ቡናማ ሆኖ አምሮበታል፤ ሔዋን ግን አርራ ከሰል ሆናለች። ልጆቹ ሳቁ፣ እኔም «አይ ሔዋን!» ብዬ አብሬ ሳቅኩ። ሁልጊዜ ታርራለች፣ ሁልጊዜም እንስቃለን። እርስዎ አልሳቁም። ወደ ቤት ስንመለስ መንገድ መሀል ቆመው ያሉኝን አልረሳሁትም። ያን ሁሉ ሕፃን ሳዋልድ ከወንድ ጎን የወጣ አንድም አላየሁም፣ ይሁን፣ በፈጣሪ ሥራ አልከራከርም፣ ግን አንተ ጋጋሪ አይደለህም እንዴ አሉኝ። ትንሽ ሊጥ ከትልቅ ሊጥ ጋር እኩል ምድጃ ውስጥ ከቆየ እንደሚያርር አታውቅም? ደግሞስ ለምን ሁልጊዜ ከዘፍጥረት ሁለተኛው ምዕራፍ ትጀምራለህ? በመጀመሪያው ወንድና ሴት አብረው ተፈጥረው የለም ወይ? ሁለት እኩል ድብልብል ብትወስድ ማን እጅህን ይይዝሃል?

እኔም እንደ ልማዴ አፌን ሞልቼ መለስኩልዎ። ከጎን መሆኗ ክብር ነው፤ ከራሱ አልወጣች እንዳትገዛው፣ ከእግሩ አልወጣች እንዳይረግጣት አልኩ። እርስዎም ታዲያ ክብሯ ለምን አረረ አሉኝ። ልጅዎ እስክታነባ ሳቀች። ቤት እስክንደርስም ድረስ «ክብሬ አረረ» እያለች ትቀልድብኝ ነበር። እኔ ግን አኮረፍኩ፤ በሚቀጥለውም ሳምንት እንደገና ከጎኑ ቆነጠርኩ።

አሁን ወደ ነገሬ ልምጣ።

ከዳቦ ቤቱ ፊት ለፊት ሱቅ ያላትን ልብስ ሰፊ ያውቋታል። እሷ ነች አንድ ቀን ጸሎቱ ካበቃ በኋላ ተነሥታ፣ ይህ የፍጥረት ታሪክ ሴትን አይበድልም ወይ ብላ የጠየቀችው። መከራው ሁሉ በእኛ በኩል ገባ ሲባል ሴት ልጄ ቁጭ ብላ ትሰማለች፣ ወንድ ልጄም ቁጭ ብሎ ይሰማል፤ ቤት ሲገቡ ማን እንደሚያዝና ማን እንደሚታዘዝ ከዚያው ተምረው ይመጣሉ አለች። የጸሎት ቤቱ ሽማግሌ ጢማቸውን ሲያሻሹ ቆይተው አንድ ምሽት ውይይት ይደረግበት አሉ። ተናጋሪ ደግሞ እኔን መረጡ። ሊጥ በእጁ የያዘ ሰው ቃል አያጣም ብለው ይሆናል።

እንዴት እንደተደሰትኩ አይጠይቁኝ። ሳምንቱን ሙሉ ንግግሬን ስለማመድ ሰነበትኩ። አድማጬ ልጅዎ ነበረች። እሷ ዱቄት ስትመዝን እኔ ከጎኗ ቆሜ እደሰኩራለሁ።

እኔና ልጅዎ በምንሠራበት ዳቦ ቤት ሥራው እንዲህ ነው። እሷ ዱቄቱን፣ እርሾውንና ጨውን መዝና ታቀብለኛለች፤ እኔ ማቡኪያ ማሽኑ ውስጥ እጨምራለሁ፣ አቦካለሁ፣ ከዚያ ቆንጠር አድርጌ እቀምሳለሁ። ያልተቀመሰ ሊጥ ምድጃ አይገባም። እኔ ከቀመስኩት በኋላም ሌላ ሰው አይቀምሰውም፤ ያ ያሳፍረኛል፣ እኔን አለማመን ነው። የዳቦ ቤቱን ጌታ ሁሉን ነገር ከመናገራቸው በፊት ስለሚመዝኑ «ሚዛን» እንላቸዋለን። እሳቸው እንኳን በሊጥ ጉዳይ የእኔን ምላስ ነው የሚያምኑት። እውነቱን ልንገርዎና፣ በዚህ ዓለም ላይ ያለኝ ሹመት ይህችው ምላሴ ነበረች።

ውይይቱ በሚደረግበት ቀን ከሰዓት በኋላ ለሠርግ የታዘዘ ዳቦ እያቦካን ነበር። እሷ እየመዘነች ነው፤ እኔ ደግሞ ይኸኛው አነጋገር ይሻላል ወይስ ያኛው እያልኩ እጠይቃታለሁ። መለሰችልኝ፣ መዘነች፣ እንደገና ጠየቅኳት። ማቡኪያው ሲቆም ፊቷ ተለዋወጠ። ቆይ፣ ጨውን ሁለት ጊዜ ሳልሰጥህ አልቀረሁም፣ ስታናግረኝ ጠፋብኝ፣ እስቲ ደህና አድርገህ ቅመሰው አለችኝ።

ቀመስኩት። ጨው በዝቶበታል። የበዛውም ለክርክር በሚበቃ መጠን አልነበረም፤ ሕፃንም ቢቀምሰው ይተፋዋል። ያንን ሊጥ ጥሎ ሌላ ማቡካት ግን እስከ ምሽት ያቆየናል፣ ውይይቱም ያመልጠኛል። ምንም አይልም፣ ይግባ አልኳት። እርግጠኛ ነህ አለችኝ። አፌን ማመን ከመቼ ወዲህ ነው የተውሽው አልኳት፣ ቆጣ ብዬ።  ሊጡ ገባ፤ እኔም ማቡኪያውን ሳላጥብ ሸሚዜን ቀይሬ ወደ አዳራሹ ሄድኩ።

ንግግሬ አማረልኝ፣ እናቴ። ታሪኩ ማንንም አይበድልም አልኩ። ሁለቱም በሉ፣ ሁለቱም አፈሩ፣ ጥፋቱም እፍረቱም እኩል ነው አልኩ። ተጨበጨበልኝ። ልብስ ሰፊዋ ከመጨረሻው ረድፍ ተነሥታ፣ እንግዲያው አዳም ሲጠየቅ ለምን በቀጥታ «እኔ በላሁ» ብሎ አልጀመረም ብላ ጠየቀችኝ። እኔም ደንግጦ ይሆናላ አልኩና አዳራሹን በሳቅ ሞላሁት። እሷ አልሳቀችም። ልጅዎም እዚያ አልነበረችም፤ እኔ ትቼው የሄድኩትን ማቡኪያ እየፈተገች ነበር።

ሠርጉ ላይ የሆነውን የሰማነው በማግስቱ ነው። ዳቦውን የነከሰ ሁሉ ውሃ ፍለጋ ተነሣ አሉ። ሙሽራዋ ዓይኗ እንባ ሲሞላ ሰው በደስታ መስሎት ሲያጨበጭብ ነበር፤ ለካ ዳቦው ነው። በሌላ ጊዜ ቢሆን በዚህ ወሬ ሳምንት እንስቅበት ነበር።

ሚዛን ሁላችንንም ማቡኪያው ዘንድ ጠሩን። እሳቸው አይጮኹም። ቁራሹን ዳቦ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡና መጀመሪያ እኔን ጠየቁኝ፣ ዋናው አቦኪ እኔ ነኛ። ምንድን ነው የሆነው አሉኝ። ልጅዎ አጠገቤ ቆማለች፣ ወንፊት ይዛለች፣ ክንዷ ክንዴን ይነካኛል። እኔም «እሷ የሰጠችኝን ነው የጨመርኩት» አልኩ።

ስሟን እንኳን አልጠራሁም። እሷ አልኩ።

ሚዛን ወደ እሷ ዞረው እውነት ነው ወይ አሏት። አዎ፣ የሰጠሁት እኔ ነኝ አለች። ሌላ ቃል አልጨመረችም። ከዚያ ወደ እኔ አየች፤ በቁጣ አልነበረም፣ ቢሆንስ በተሻለኝ። የጀመርኩትን እስክጨርስ የምትጠብቅ ሰው አስተያየት ነበር። ቀምሼዋለሁ፣ አውቄ ነው ያስገባሁት ለማለት ምን ያህል ጊዜ ይፈጃል? እኔ ግን አንገቴን ደፍቼ፣ መሬት ላይ የፈሰሰ ዱቄት ነበርና እሱን በጫማዬ ወደ አንድ ጥግ መሰብሰብ ጀመርኩ። ሽርጧን ፈታች፣ አጣጠፈች፣ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችና ወጣች። ከነገ ጀምሮ አትምጪ የሚላት ሰው እንኳን አላስፈለጋትም።

ከአፍ ከወጣ አፋፍ ይላሉ፤ የእኔው ግን አምልጦኝ የወጣ ቃል አልነበረም። አውቄ ነው ያልኩት። ቀምሼ አሳለፍኩት ብል ከዚያ ወዲያ ምላሴን የሚያምን አይኖርም፤ እሷ ግን ብትሳሳት ተሳሳተች ይባላል፣ ያልፋል ብዬ አሰብኩ። ከራስ በላይ ነፋስ የሚሉት ይኸው ነው። ከእኔ ጋር የኖረችውን፣ ሁለት ልጅ የወለደችልኝን ሴት በዚያች ቅጽበት ወደ ፊት ገፍቼ ከኋላዋ ተደበቅኩ።

በዚያን ቀን ማታ እራት አቀረበች። ስቀምሰው ጨው የለውም። ቀና ስል የጨው ዕቃውን ፊቴ አስቀምጣ፣ አንተው ጨምርበት፣ እኔ እሳሳታለሁ አለችኝ። ልጆቹ ምንም አልገባቸውም። ጨመርኩ፣ በላሁ፣ እንዴት እንደወረደልኝ አላውቅም። ከጥቂት ቀን በኋላ ትንሹን ይዛ ጉልበትዎን ልትጠይቅ መጣች። ትልቋ ፈተና ስለነበረባት ከእኔ ጋር ቀረች።

እዚህ ላይ ቢያበቃ ምናልባት ይህን ደብዳቤ አልጽፍልዎም ነበር። ሆድ ይፍጀው ብዬ እኖር ነበር፤ ሰው የባሰም ይዞ ይኖራል።

እረፍት ቀን ሲደርስ፣ አያፍሩብኝና፣ ሊጤን ጠቅልዬ ለማስተማር ሄድኩ። የዕለቱ ትምህርት ፍሬው ከተበላ በኋላ ያለው ነው። ልጆቹ እንደ ቴአትር ይሠሩታል፣ እኔ የጠያቂውን ድምፅ እሆናለሁ። የት ነህ፣ ምን አደረግህ እያልኩ ስጠይቅ ድምፄ ተንቀጠቀጠ፤ ልጆቹ አሳምሬ የሠራሁት መስሏቸው ጸጥ አሉ። አዳም የሆነው ልጅ ጣቱን ቀስሮ «እሷ ናት የሰጠችኝ!» ብሎ ጮኸ። አዳራሹ ሳቀ። ሔዋን የሆነችው የኛዋ ትልቋ ነች። ተራዋን ጠብቃ እባቡ አሳሳተኝ አለች። ከዚያ ጨዋታውን አቋረጠችና ወደ እኔ ዞረች። አባዬ፣ አዳም እኮ አጠገቧ ነበር፤ «አንተስ ቆመህ ታየኝ አልነበር ወይ፣ ለምን ዝም አልከኝ?» ለምን አላለችውም ብላ ጠየቀችኝ።

ምንም አታውቅም። እናቷ አልነገረቻትም፣ እኔም አልነገርኳትም። እንዲሁ ገርሟት ነው። አላውቅም አልኳት። እኔ፣ ያ የተጨበጨበልኝ ተናጋሪ። አንዱ ልጅ ረስታው ነው አለ፤ ሌላዋ ፈርታ ነው አለች። ትልቋ ሁለቱም አይደለም ብላ ራሷን ነቀነቀች። በቃ፣ እማዬ ስትመጣ እሷን እጠይቃታለሁ፣ እሷ ታውቃለች አለች።

መሬት ተከፍታ በዋጠችኝ። ሊጡን ጠረጴዛው ላይ እንዳለ ትቼው፣ ትምህርቱን በጸሎት ዘጋሁት።

በማግስቱ በማለዳ ሚዛን ቢሮ ገባሁ። እዚያ ያልኩትን እዚህ በዝርዝር አልጽፈውም። ብጽፈው ምስጋና የምፈልግ ያስመስልብኛል፤ ምስጋና የሚገባው ነገር ደግሞ የለበትም፣ ሊደርስ ከሚገባው ጊዜ ዘግይቶ የደረሰ ነው። ሰምተው ሲያበቁ አንድ ነገር ብቻ ጠየቁኝ፤ ያን ዕለት ለምን አልተናገርክም አሉኝ።  ከዚያም ወጥቼ መንገዱን ተሻገርኩና ወደ ልብስ ሰፊዋ ሱቅ ሄድኩ። መቀሷን ሳታስቀምጥ ሰማችኝ። አዳራሽ ፊት የተናገርከውን አዳራሽ ፊት ብታርመው ይሻላል አለችኝ። ሽማግሌውን ጠይቄያቸዋለሁ፣ ፈቅደዋል። ሰው ይስቃል። ይሳቅ፣ ሳስቅበት ኖሬያለሁ።

እዚያ ምን እንደምል እያሰብኩ ነው። ታሪኩ ሴትን ይበድላል ወይስ አይበድልም ብለው ዛሬ ቢጠይቁኝ፣ እናቴ፣ አላውቅም ነው የምለው። እኔ እንደማወራው ከሆነ በድሏታል፤ ቆንጥሬ አሳንሼ፣ አሳርሬ ስቄባታለሁ፣ እሱን በዓይንዎ አይተዋል። ስለ ወንዱ የተጻፈው ግን አንድም ውሸት የለበትም። ሳላጠናው፣ ሳላስበው፣ ቃሉን አንድም ሳላዛንፍ ደገምኩት።

ከደብዳቤው ጋር ያለውን ጥቅል ትልቋ ናት የላከችው። ቤት ውስጥ ራሷ አቡክታ፣ ሁለት እኩል ድብልብል ወስዳ የሠራቻቸው አዳምና ሔዋን ናቸው። ማን እንደነገራት አላውቅም፣ እርስዎን ነው የምጠረጥረው። ከመጋገሩ በፊት አስቀመሰችኝ፤ ጨው አነሰው አልኳት፣ ጨመረች። አላረሩም። የትኛው አዳም የትኛዋ ሔዋን እንደሆነች ከምድጃ ከወጡ በኋላ እሷም መለየት አቅቷታል። ትንሹ የፈለገውን ይብላ ብላለች።

ለልጅዎ አንድ መልእክት ብቻ ያድርሱልኝ። ወደ እኔ ትመለስ ብለው እንዲያማልዱኝ አልጠይቅዎም፤ ያን የመጠየቅ ፊት የለኝም። ሰኞ ጠዋት ሚዛን ይጠብቋታል ይበሏት። ሽርጧ ታጥባ መስቀያዋ ላይ ናት። ከእንግዲህ ሊጡን የምትቀምሰውም እሷ ነች፤ እሷ ከቀመሰችው በኋላ ማንም አይቀምሰውም። ትልቋንም ከሰኞ በፊት እኔው አስቀምጬ እነግራታለሁ፣ እናቷን እንዳትጠይቅ።

ይህን የምጽፍልዎ በሥራ ቀን፣ ረፋድ ላይ፣ ወጥ ቤታችን ጠረጴዛ ላይ ተቀምጬ ነው። በዚህ ሰዓት ፀሐይ እስከ ምድጃው ድረስ እንደምትገባ እስከዚህ ሳምንት አላውቅም ነበር። እጄ ላይ ዱቄት ስለሌለ ወረቀቱ ንጹሕ ሆኖ ይደርስዎታል። ሽርጧን ስትሰቅል አጠገቡ ያለው የእኔ መስቀያ ባዶ ሆኖ ብታገኘው አትደንግጥ፣ ቦርሳዋን ትስቀልበት።

በእጅዎ ተቀብለው ለዓለም ያበቋቸው ሁሉ ይመርቁዎ። ጉልበትዎን ያጽናልዎ፣ ዓይንዎን ይጠብቅልዎ፣ በረንዳዎ ሰው አይጣበት። ትንሹን በሁለቱም ጉንጩ ይሳሙልኝ፣ ሁለቱንም ካልሲውን ያውልቁለት።

አክባሪዎ፣
የልጅ ልጆችዎ አባት

«አማችዎ» ብዬ ልፈርም ነበር። እሱን ግን ልጅዎ እስክትቀምሰው አቆየሁት።